ወጨጫ፦ ከፍታው ነው ወይስ ሰዓቱ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሰበታ ነው። ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን፣ አምስት ሆነን ከሱባ ደን ተነስተን ወደ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ለመውጣት ሞክረን ነበር። ጉዞ የጀመርነው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ስምንት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ከፊታችን ይታይ ነበር፤ የባለቤቴ እህት ግን ራሷን ክፉኛ አመማት፣ አስመለሳት፣ ጉልበቷ ተንቀጠቀጠ። እሷና እኔ ጾመኞች ነበርን። ለአምስታችን የያዝነው ውሃ አምስት ሊትር ነው። ተቀምጣ ለስላሳ ጠጥታ ግማሽ ሰዓት ያህል ስታርፍ ቀለል አላት፤ ተመለስን፣ ጫካው ውስጥም ጨለመብን። የሰማ ሁሉ ‹ከፍታው ነው የመታት› ይለናል። በጥር እንደገና ልንሄድ ነው። የአጎቴ ልጅ ሐሙስ ከጅቡቲ ይገባና ቅዳሜ አብሮን ይወጣል። በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱ ስለከበደን በዚህኛው ዙር ጫፉ ላይ ለማደር አስበናል፤ በአውሮፓ ተራሮች ላይ እንደሚታየው ያለ ማረፊያ ቤት አለ ያሉን አሉ፣ ከሌለም ድንኳን እንይዛለን። ለከፍታ የሚሆን ኪኒን እንውሰድ? ወይስ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ይበቃል?»

ምላሽ፦ የባለቤትዎን እህት የጣላት ከፍታው አይመስለኝም። የከፍታ ሕመም የራሱ ሰዓት አለው። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹና የምግብ ፍላጎት መጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው ወደማያውቀው ከፍታ ከደረሰ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው፤ የሚበረታውም በመጀመሪያው ሌሊት ነው። እሷ የምትኖረው ከ2,200 ሜትር በላይ ባለችው ሰበታ ስለሆነ ደሟም ሳንባዋም ለስስ አየር እንግዳ አይደሉም። ከ3,000 ሜትር በላይ የቆየችበት ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። አሁን ደግሞ ራስዎ የጻፉትን ልደርድረው። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጾመኛ ስለሆነች ውሃም አልጠጣችም። ጉዞው የተጀመረው ፀሐይ ከበረታች በኋላ ነው። ከዚያ አራት ሰዓት ሙሉ ሽቅብ። እንዲህ ያለ ቀን ያሳለፈ ሰው በሞጆ ሜዳ ላይ ቢሄድም ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል። ተቀምጣ፣ ስኳር ያለው ነገር ጠጥታ፣ እዚያው ከፍታ ላይ ሆና በግማሽ ሰዓት መቅለሏ ደግሞ ጥማት፣ ረሃብና ድካም መሆኑን አጉልቶ ያሳያል። የከፍታ ሕመም ቢሆን ኖሮ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ አይለቃትም ነበር።

ይህ ልዩነት የቃላት ጉዳይ አይደለም። ሕመሙን የከፍታ ነው ካላችሁ መድኃኒቱን ፋርማሲ ትፈልጋላችሁ፤ ኪኒኑን ይዛችሁ ያንኑ ስህተት ትደግማላችሁ። እንዲያውም ለዚህኛው ጉዞ ያቀዳችሁት፣ ከጅቡቲ የመጣ ሰው በሦስተኛው ሌሊት ጫፍ ላይ ማሳደር፣ በመጀመሪያው ጉዞ ያልነበረውን እውነተኛ የከፍታ ሕመም በገዛ እጃችሁ መጥራት ነው።

«ተራራ ላይ ኦክስጅን ያልቃል» የሚለው አባባልም መታረም አለበት። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ በጅቡቲ ወደብም በወጨጫ ጫፍም ያው 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። የጭድ ክምርን አስቡ፤ ታች ያለው በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጫነው ጥቅጥቅ ይላል፣ አናቱ ላይ ያለው ግን ልል ነው። አየርም እንደዚሁ ነው። ሰበታ ላይ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከ3,380 ሜትር በላይ በሚደርሰው የወጨጫ ጫፍ ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሆናል። በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን በዚያው ልክ ስለሚያንስ ሰውነት ቶሎ ቶሎ በመተንፈስና ልብን በማፍጠን ያካክሳል። ስለዚህ ሽቅብ ሲወጡ ማለክለክ የጤና ነው። ቁጭ ብለው አምስት፣ አሥር ደቂቃ ካረፉ በኋላም ትንፋሹ ካልሰከነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወደ ማረፊያው ልምጣ። ወጨጫ ጫፍ ላይ ማረፊያ ቤት የለም። የነገሯችሁ ሰዎች የእንግዳ ማረፊያ ያሉት ታች ሱባ፣ በደኑ ጽሕፈት ቤት አካባቢ ያለውን መሆን አለበት። በአልፕስ ተራሮች ላይ በፎቶግራፍ የምታዩአቸው ቤቶች አልጋና ብርድ ልብስ፣ ትኩስ ሾርባና በአውሮፓ የበጋ ወራት ቋሚ ጠባቂ ያላቸው ናቸው። ከሁሉም ከፍ የሚለው፣ ሞንቴ ሮዛ በተባለው ተራራ ላይ እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተው የማርጌሪታ ማረፊያ፣ ከ4,550 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጧል፤ የእኛን ራስ ደጀን የሚያህል ከፍታ ነው። እነዚያ ቤቶች ከብርድና ከዝናብ ያድናሉ እንጂ ከከፍታ አያድኑም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ ጥናት በስዊስ አልፕስ አራት ማረፊያ ቤቶች የተገኙ 466 ተራራ ወጪዎችን መርምሮ ነበር። በ2,850 ሜትር ከመቶ 9 ሰዎች፣ በ3,050 ሜትር 13፣ በ3,650 ሜትር 34፣ በ4,559 ሜትር ደግሞ 53 ሰዎች የከፍታ ሕመም ነበረባቸው። ወጨጫ ጫፍ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁጥር መካከል ይወድቃል። ቁጥሩ የተገኘው ደጋ ተወልደው ካደጉ ሰዎች ስላልሆነ ለሰበታ ነዋሪ ይበዛል፤ ለአጎትዎ ልጅ ግን በቁም ነገር ሊያስበው የሚገባ ቁጥር ነው።

ከፍታ ላይ መድረስና ከፍታ ላይ መተኛት አንድ አይደሉም። ቀን ስትንቀሳቀሱ ትንፋሻችሁ ፈጣን ነው፤ ሌሊት እንቅልፍ ሲወስዳችሁ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ሰው ላይም ለሰከንዶች ቆም እያለ ይመለሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ይወርዳል። ለዚህ ነው ተራራ የሚያውቁ ሰዎች «ቀን ከፍ በል፣ ማታ ዝቅ ብለህ ተኛ» የሚሉት። ከዚህም ሌላ ብርዱ አለ። ሙቀት በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ሰበታ ሌሊት 8 ዲግሪ ከሆነ ጫፉ ላይ 1 ወይም 2 ዲግሪ ጠብቁ፤ ነፋሱን አልጨመርኩም። በጥር ውርጭ ሲወርድ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ውሃ አፉ ላይ ስስ በረዶ ሠርቶ ሲያድር አይቻለሁ። የሚሞቅ እሳት ልታነድዱ ታስቡ ይሆናል፤ እሱን በፍጹም አታድርጉት። ላይኛውን የተራራውን ክፍል የያዘው አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ነው፤ በበጋ ከደረቀ እርጥብ እየመሰለ እንደ ጧፍ ይቀጣጠላል፣ የጥር ነፋስ ደግሞ አንዱን ቁጥቋጦ ከሌላው ያገናኘዋል። ከበታቹ ያለው የጥድ፣ የዝግባና የኮሶ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር እንደለማ ይነገራል። አምስት ሰው ለመሞቅ ብሎ የሚያስነሳውን ቃጠሎ ያ ደን አይችለውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ሰዓቱ። እ.ኤ.አ. በ1892 ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ ያወጣው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት ቀላል ስሌት አለ፤ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትር ሽቅብ ተጨማሪ አንድ ሰዓት ያዙ። የምትሄዱበት መስመር በአንድ አቅጣጫ 8 ኪሎ ሜትር፣ ሽቅቡ 900 ሜትር ነው እንበል። 8 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ ሽቅቡ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ ሦስት ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ይሆናል። ይህ ግን የጠነከረ ሰው በለመደው አየር የሚሄድበት ፍጥነት ነው። በስስ አየር ለሚሄድ፣ ልምዱ ለተለያየ ቡድን፣ እኔ ግማሹን እጨምርበታለሁ፤ አራት ሰዓት ከአርባ ገደማ። አርባ ደቂቃ ለዕረፍትና ለመክሰስ ስንጨምር አምስት ሰዓት ከሃያ። ጫፉ ላይ ግማሽ ሰዓት። ለመውረድ ሦስት ሰዓት ተኩል። ጠቅላላው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው።

ይህን ከባለፈው ጉዞአችሁ ጋር አስተያዩት። አራት ሰዓት ላይ የተነሳ ሰው ጫፍ የሚደርሰው ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ነው፤ ተመልሶ ሱባ የሚገባው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ። ፀሐይ የምትገባው በኅዳር መጨረሻ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎ ጥቂት ደቂቃ ላይ፣ በጥር ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነው፣ ከገባች በኋላ የሚቆየው ብርሃንም በእኛ አገር ረጅም አይደለም፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከሜዳው ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ ማንም ባይታመም፣ ሁሉም ቢጠነክር እንኳ መጨለሙ አይቀርም ነበር። ያ ጉዞ የከሸፈው ሱባ ላይ፣ አንድ እርምጃ ሳትራመዱ፣ ሰዓቱ አራት ሲል ነው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ብትነሱ ግን ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ጫፍ ትደርሳላችሁ፣ ከአሥር ሰዓት ተኩል በፊት ታች ትሆናላችሁ፤ እግሩን ያመመው ቢኖር ቀስ ብሎ ለመውረድ ሁለት ሰዓት የቀን ብርሃን ይተርፈዋል። አንድ ሰዓት ላይ ለመነሳት ታዲያ ከሰበታ በሌሊት መኪና ፍለጋ መውጣት አይሠራም፤ የመኪና መንገዱ ራሱ ጊዜ ይበላል። የእንግዳ ማረፊያው ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ዋዜማውን እዚያ እደሩ። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ከበደን ያላችሁት ከጫፍ ላይ ሳይሆን ከተራራው ግርጌ በማደር ይፈታል። ማረፊያው ክፍት መሆኑን፣ አልጋና ውሃ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ምግብ፣ ፋኖስና የራሳችሁን ብርድ ልብስ ግን አለ ቢሏችሁም ያዙ። ክፍል ካልተገኘ ድንኳኑን ጠባቂዎቹ በሚያሳዩአችሁ ቦታ እዚያው ታች ትከሉ።

ከሰዓቱ ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ ሕግ አለ፤ የመመለሻ ሰዓት። ሰባት ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ የት ፊታችሁን ታዞራላችሁ። ጫፉ ከፊታችሁ ቢታይም፣ መቶ ሜትር ቢቀርም። ከዚህ በላይ የሚከብድ ነገር የለም፤ ለብዙ ዓመት ሰው ይዤ ስወጣ ያጣሁት ጫፍ ቁጥሩ ብዙ ነው፣ አንዱም አልጸጸተኝም። ሕጉን የምታወጡት ከዋዜማው ማታ፣ ሁሉም በሰከነ አእምሮ ባለበት መሆን አለበት። ጫፍ ሥር ቆሞ የሚደረግ ክርክር ሁልጊዜ ወደ ላይ ይጎትታል።

ስለ ጾሙ ማንንም ጾምህን ፍታ አልልም። ቀኑን ግን መምረጥ ይቻላል። ረቡዕና ዓርብን ተዉ፤ ቅዳሜ ጠዋት ከእህል ከውሃ መከልከል ስለሌለ ቅዳሜ ውጡ። ከመነሳታችሁ በፊት ገንፎ ወይም ጨጨብሳ የመሰለ ጠንከር ያለ ቁርስ ብሉ። መንገድ ላይ ምሳ ተብሎ አንድ ጊዜ የሚበላ ነገር አያስፈልግም፤ በየአርባ አምስት ደቂቃው እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ሦስት ቴምር፣ የበሶ ጭብጦ፣ ብርቱካን። ጭብጦ ለተራራ የተፈጠረ ነው እላለሁ፤ አይደርቅም፣ አይፈርስም፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ሆድም አይከብድም። ጨው የነካው ነገር ይኑርበት። ውሃ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያዙ፤ በአንድ ጊዜ ጠርሙስ መጨለጥ ሳይሆን በየሩብ ሰዓቱ ሁለት ጉንጭ። በመንገድ የምታገኙት ምንጭ የጠራ ቢመስልም ከላዩ ከብት ይሰማራል፤ ሳይፈላ አይጠጣም።

አሁን የአጎትዎ ልጅ። ሐሙስ ከባሕር ጠለል ተነስቶ ሰበታ ሲገባ ሰውነቱ በአንድ ቀን ከ2,200 ሜትር በላይ ወጥቷል። ቀለል ያለ ራስ ምታትና የተቆራረጠ እንቅልፍ እቤታችሁ ሳሎን ውስጥም ሊይዘው ይችላል። በዘርፉ የሚሠራበት መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ይላል፤ እናንተ ያሰባችሁት ከሁለት ሌሊት በኋላ ከ1,000 ሜትር በላይ መጨመር ነው። ስለዚህ በመጣ በሦስተኛው ቀን ይቅርና በሳምንቱ ቅዳሜ ይውጣ። በመካከሉ አንድ ቀን ከሽሮ ሜዳ ተነስታችሁ ወደ እንጦጦ ማርያም በእግር ውጡ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል፣ መንገዱ ሰው አለበት፣ ቢደክመው ታክሲ አለ። እዚያ አካሄዱን ታያላችሁ። የልብ ወይም የሳንባ በሽታ፣ ጠንካራ አስም ወይም የደም ማነስ ያለበት፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ከሆነች ሴት ከእናንተ መካከል ካለች፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ታማክር፣ ያማክር።

«እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚለው እምነት ብዙ ሰው አሳስቷል። እውነት የሆነ ነገር አለው። በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ደገኞችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት የእነዚያ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠንም ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ጠለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይቷል። ይህ ግን በትውልድ ብዛት እዚያው ከፍታ ላይ የኖረ ሕዝብ ታሪክ ነው። ፓስፖርት አይተነፍስም። ጅቡቲ ወይም ድሬዳዋ ያደገ ሰው አያቶቹ ደገኛ ቢሆኑ እንኳ ሳንባው የሚያውቀው የቆላ አየር ነው፤ እንደማንኛውም እንግዳ ቀስ ብሎ መልመድ አለበት።

ኪኒኑን በሚመለከት፣ የጠየቃችሁት አሴታዞላሚድ የሚባለውን መሆን አለበት፤ የዓይን ግፊትም ይታከምበታል። የከፍታ ሕመምን ለመከላከል እውነተኛ ጥቅም አለው፤ የተለመደው መጠን 125 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ ሲሆን ከመውጣት አንድ ቀን አስቀድሞ ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣትን ይጠዘጥዛል፣ ሰልፋ ያላቸው መድኃኒቶች የማይስማሙት ሰው ያለ ሐኪም ሊነካው አይገባም። የሰበታ ነዋሪ ለሆናችሁት፣ ታች አድራችሁ ቀን ወጥታችሁ ለምትመለሱት፣ አያስፈልግም። እንግዳችሁም አንድ ሳምንት ከቆየ አያስፈልገውም። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወጥ ውስጥ ገብተው ቢበሉ ጉዳት የላቸውም፤ የከፍታ ሕመምን ግን አይከላከሉም። ፌጦ በባዶ ሆድ በጥብጦ መጠጣት ደግሞ ሽቅብ ለሚወጣ ሰው ጨጓራ ማቃጠል ብቻ ነው። የራስ ምታት ማስታገሻ መያዝ መልካም ነው። ማስታገሻ ውጦ ወደ ላይ መቀጠል ግን የማንቂያ ደወሉን ነቅሎ እንደመተኛት ነው።

ከላይ እመለስበታለሁ ያልኩት ይኸውላችሁ። ተቀምጦ አርፎም ትንፋሹ የማይሰክን ሰው፣ ደረቅ ሳል ጀምሮት ኋላ አረፋ ያለው አክታ የሚተፋ፣ የሚያወራው የሚዘባረቅበት፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ፤ እነዚህ የሳንባና የአንጎል እብጠት ምልክቶች ናቸው። በወጨጫ ከፍታ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ካጋጠመ ግን ገዳይ ነው፤ መድኃኒቱም መውረድ ነው፣ ያኔውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን። እኔ የምጠቀምበት ፈተና ቀላል ነው። የድንኳን ገመድ ሳሩ ላይ ቀጥ አድርጌ እዘረጋና ሰውየውን ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጋር እያገናኘ ገመዱ ላይ እንዲራመድ አደርጋለሁ። የደከመ ሰው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ያማርራል፣ ግን ይጨርሳል። አንጎሉ የተነካ ሰው ሦስተኛው ወይም አራተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ይወድቃል። ገመዱን የሳተ ሰው ብቻውን እንዲወርድ አይደረግም።

ልብስን በሚመለከት አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በጥር ወር ከያዝኳቸው ተጓዦች አንዱ ጂንስ ሱሪ ለብሶ መጣ። ማለዳ ላይ የሳሩ ጤዛ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ አራሰው። ጫካ ውስጥ ሳለን ምንም አልነበረም። ከጫካው ወጥተን ነፋስ ያለበት ጀርባ ላይ ስንደርስ ዝም አለ። ጠየቅኩት፣ «ደህና ነኝ» አለ። የጫማው ማሰሪያ ተፈቶ ነበር፤ ሊያስረው ጎንበስ ብሎ ጣቶቹ ገመዱን መያዝ አቃታቸው፣ ሦስቴ ሞክሮ ተወው። ብርዱ እንደጎዳው የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሱሪውን አስወልቀን፣ አንድ እረኛ የለበሰውን በርኖስ አውልቆ ሰጠንና ጠቀለልነው፤ ትኩስ ሻይ በስኳር ሰጠነው፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ ማውራት። በርኖሱ የበግ ጠጉር ስለሆነ እርጥብም ሆኖ ይሞቃል። ጥጥ እርጥብ ከሆነ ከሰውነት ሙቀት ይሰርቃል፤ ጋቢም ጥጥ ነው፣ ደረቅ ሆኖ ለማታ ማረፊያ ያማረ ነገር ነው፣ ለመንገድ ግን አይሆንም። የሱፍ ሹራብ፣ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ቅያሪ ካልሲ፣ ባርኔጣ፤ ይህ ይበቃል። ጫማው አዲስ አይሁን፣ ሶሉ ያልተላጠ ይሁን። ቁልቁለቱ ላይ ጉልበትን የሚያድነው ዱላ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ።

ያለ አስጎብኚ አትውጡ። መግቢያ ከፍላችሁ ከጽሕፈት ቤቱ መንገዱን የሚያውቅ ጠባቂ ውሰዱ፤ ከብት የሚያመላልሱ የእግር መንገዶች እርስ በእርስ ስለሚጠላለፉ ሲመለሱ መሳት ቀላል ነው፣ የስልክ ኔትወርክም በየሸለቆው ይጠፋል። ስለ አካባቢው ጸጥታም በዚያው ሳምንት ጠይቁ፤ አትውጡ ካሏችሁ አትከራከሩ። እዚያ ተራራ ላይ በሄሊኮፕተር የሚመጣ አዳኝ የለም። አንድ ሰው እግሩ ቢሰበር ቃሬዛ ተሸክሞ ለማውረድ እየተፈራረቁ ቢያንስ ስድስት፣ ስምንት ሰው ያስፈልጋል፤ እናንተ ከእንግዳችሁ ጋር ስድስት ናችሁ፣ ከጠባቂው ጋር ሰባት። ከዚህ ቁጥር በታች አትሁኑ።

እንግዲህ የምመክራችሁ ይህ ነው። ድንኳኑን ጫፍ ላይ የመትከሉን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ተዉት። የአጎትዎ ልጅ ከገባ በኋላ ያለው ሳምንት ይለፍ፤ በመካከሉ እንጦጦን ይሞክር። በሚቀጥለው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሱባ ግቡ፣ ማታ በጊዜ ተኙ፣ ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ተነሱ፣ በሰባት ሰዓት ፊታችሁን አዙሩ። ፍጥነቱን የምትወስነው የባለቤትዎ እህት ትሁን፤ ከፊት እሷ ትሂድ፣ ከኋላዋ ማንም አይቅደማት፣ እያወራች መሄድ የምትችልበት ፍጥነት የሁላችሁም ፍጥነት ነው። ሱባ ለሚቀረው ሰው፣ ጠባቂም ሹፌርም ቢሆን፣ የስድስታችሁን ስም፣ የምትሄዱበትን መስመርና «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተመለስን ፈልጉን» የሚል ቃል በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። ስትመለሱ ወረቀቱን ተቀበሉት።